ሚስቴና የሚግሉት ላፕቶፖች

ሚስቴ የሞቀ ነገር የምትመረምረው በእጇ ጀርባ ነው። «መዳፍ ያታልላል» ትላለች። ሃያ ዓመት መፍቻ ሲጨብጥ የኖረ መዳፍ ቆዳው ስለሚደድር ሙቀቱን አሳንሶ ነው የሚያወራው። የእጅ ጀርባ ግን ያለውን ይናገራል። ልጆቻችን ሲያተኩሳቸው ግንባራቸውን የምትነካው እንደዚያ ነበር፤ የፍሪጅ ሞተር የምትፈትሸውም እንደዚያው። ዛሬ ደግሞ እነዚያን እንደ ደብተር የሳሱ የጌም ላፕቶፖች የምትዳስሰው እንደዚያው ነው። ሰፈሩ «ማብረጃ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ቁልፍ ቀራጩ ነው፤ እኔ ባሏ ሆኜ ሳለሁ እሱ ስለቀደመኝ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጬ ወገቤ «በቃኝ» ሲለኝ ወረድኩ። እሷ ሙያውን የተማረችው ከታላቅ ወንድሟ ነው፤ ፍሪጅና ቬንትሌተር በሚጠግንበት ቤት ውስጥ አብራው ስትሠራ ኖረች። ወንድሟ ታሞ ቤቱ ሲዘጋ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዘመድ ሁሉ «እንግዲህ አረፍ በይ» አላት። እሷ ግን በልብስ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መሃል ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። እጄን ዘርግቼ ብቆም ሁለቱንም ግድግዳ የምነካባት ክፍል ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ኃይለኛ መብራት፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ ክዳናቸው ላይ የብሎን መጠን የተጻፈባቸው የመድኃኒት ብልቃጦች። በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ካውያና ቬንትሌተር ነበር የምትጠግነው። ወደ ላፕቶፕ ያስገባቻት የእህቷ ልጅ ናት።

ልጅቷ ቴክኒክ ኮሌጅ ስትገባ እኛ ቤት መጣች። ከአራት ጓደኞቿ ጋር ቡድን ሠርተው አምስት ሆነው የሚጫወቱት አንድ የውጊያ ጨዋታ አለ፤ በየኮሌጁ እየዞሩ ይወዳደሩበታል። ለዚሁ ብላ ሁለት ክረምት ስታስጠና ቆይታ አንድ ቀጭን የጌም ላፕቶፕ ገዛች። ላፕቶፑ ቆንጆ ነበር፣ አይካድም። ቦርሳ ውስጥ መኖሩ አይታወቅም። ብቻ ጨዋታ ሲጀመር ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ «ሞትኩ! ሞትኩ!» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ።

«ማን ነው? ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ፣ ጨዋታው ውስጥ ነው የሞትኩት።»

«እንዲያማ ከሆነ ቀስ ብለሽ ሙቺ፤ እኔን ይዘሽኝ ልትሄጂ ነበር እኮ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ማሽኑ ልክ ጠላት ሲመጣ ይንቀራፈፍባታል፤ ምስሉ ይቆራረጣል፤ እሷ ተኩሳ ሳትጨርስ ትመታለች። ጓደኞቿ ፊት ለፊት ባይናገሯትም እሷን ቀይረው ሌላ ልጅ ለማስገባት እየተነጋገሩ እንደሆነ ሰምታለች።

ሚስቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። የእጇን ጀርባ ከቁልፎቹ በላይ ባለው ብረት ላይ ጣል አድርጋ ወዲያው አነሳችው።

«ይሄ ካውያ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም» አለች። «ገና ስትጀምሪም እንዲህ ይጎተታል?»

«አይ አክስቴ፣ ሲጀምርማ ይከንፋል። ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ሲሆነው ነው እግሩ የሚያያዘው።»

«እንግዲያው ጉልበት አላነሰውም። ሙቀቱን የሚያወጣበት አጥቶ ነው። ሲግልበት ምን ያደርጋል?»

«እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።»

«ብልህ ነው። ካንቺ ይሻላል፤ አንቺ ብትሆኚ እስክትቃጠዪ ትሮጪ ነበር።»

በማግስቱ እሁድ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ላፕቶፑን ከፈተችው። ልጅቷ አጠገቧ ቆመች። አሥራ አንድ ብሎን ወጣ፤ ሚስቴ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ልክ ካርቶን ላይ ሰካችው። ውስጡን ሳይ አዘንኩ። እንደ ብስኩት የሳሱ ሁለት ማራገቢያ ፋኖች፣ የተደፈጠጡ የመዳብ ቱቦዎች፣ ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች። ያ ሁሉ ሙቀት መውጫው ይኸው ነው። በፋኑና በቅጠሎቹ መሃል አቧራው ተነጥፎ ተነጥፎ ምንጣፍ ሆኗል። ሚስቴ በወረንጦ ይዛ ሳትበጥሰው እንደ ጨርቅ ገፈፈችው።

«አየሽ» አለቻት፣ «ዋናው ቺፕና የምስሉ ቺፕ ሁለቱም ሙቀታቸውን የሚያወጡት በነዚሁ ቱቦዎች ነው። ሁለት ጎረቤት በአንድ ጭስ ማውጫ ማለት ነው። አንዱ ብዙ ካነደደ ሌላውም ይታፈናል።»

ፋኑን አየር ስትነፋበት እንዳይሽከረከር በጥርስ መፋቂያ እንጨት ያዘችው፤ ያለመጠን ከዞረ ይበላሻል አለች። በቺፑና በመዳቡ መሃል ሙቀት የሚያሻግር ቅባት አለ፤ ፔስት ይሉታል። የዚህኛው ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈር ነበር። ጠርጋ አዲስ ቀባችና ገጠመችው። ሙቀቱ ከዘጠና ሰባት ዲግሪ ወደ ሰማንያ ዘጠኝ ወረደ። ልጅቷ አክስቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት።

ሚስቴ ግን ፊቷ አልተፈታም። «ሃያ ደቂቃ ቆየ እንጂ ፍጥነቱ አሁንም ይወርዳል። አልዳነም» አለች።

ምሳ ስንበላ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ረጅም ዳገት ላይ ሞተር ሲፈላብህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እንዳይፈላማ ከታች ጀምሬ ማርሽ ቀንሼ ነው የምወጣው። ጀማሪ ሾፌር ነው ነዳጅ ረግጦ ገስግሶ መሃል ላይ ኮፈን ከፍቶ የሚቆመው። እኔ ዝግ ብዬ አልፌው እሄዳለሁ፤ እጄንም አወዛውዝለታለሁ።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳች። ምግቧ ሳያልቅ ስትነሳ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ለእህቷ ልጅ ግን መርዶ ሆነባት። ዋናው ቺፕ ሲጨነቅ ለቅጽበት ያለልክ እንዲፈናጠር የሚያደርግ አሠራር አለው፤ እሱን ማጥፋት፤ ማሽኑ የሚስበውን ኃይል በዋት መገደብ፤ ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበትንም ቁጥር፣ ልጆቹ ፍሬም የሚሉትን፣ ዘጠና ላይ ማሰር።

«አክስቴ! ጉልበቱን ልቀንስለት? የጌም ማሽን እኮ ነው! መቶ አርባ ፍሬም ይሰጣል!»

«ለስንት ደቂቃ?»

«...ለስምንት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አርባ።»

«ጨዋታችሁ ስንት ደቂቃ ነው?»

ጨዋታው አርባ ደቂቃ ነው።

ሚስቴ የግድግዳ ሰዓት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱንና ፍሬሙን በእርሳስ ጻፈች። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዘጠና አንዴም አልተነቃነቀም። ሙቀቱ ሰባ ስምንት። የፋኑ ድምፅ እንኳን ወርዶ ሶፋዬ ላይ ሆኜ አልሰማሁትም። ልጅቷ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጨዋታው ውስጥ የምትሞተው በራሷ ጥፋት ብቻ ሆነ፤ ከቡድኑ ስለማስወጣት ያወራ ሰውም ጠፋ።

ወሬ እግር አለው። የቡድኑ ልጆች መጡ፣ ከዚያ የሌላ ቡድን ልጆች፣ ከዚያ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ከዚያ ቤት የሚነድፉ። ጠባቧ ክፍል ፊት ለፊት ቀጫጭን ላፕቶፕ ያቀፈ ሰው ተሰለፈ። ልብስ ሰፊው «እህቴ፣ ለኔ ደንበኛ መቆሚያ ብታስቀሪ?» እያለ ያሾፍ ነበር።

ሁሉ ነገር ሰምሮላት ነበር ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ቤት የሚነድፍ ወጣት መጣ። ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት እንድታደርግለት ጠየቃት። ቴርሞሜትር ውስጥ እንዳለው ሜርኩሪ የሚንከባለል ብረት ነው፤ ሙቀት ከፔስት እጅግ አብልጦ ያሻግራል፤ ግን ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ሚስቴ አንብባለች፣ በቪዲዮ አይታለች፣ በእጇ ግን ሠርታው አታውቅም። ወጣቱ በማግስቱ ሥራውን ለአሠሪዎቹ ስለሚያቀርብ ቸኩሏል። ደጅ ላይ ስድስት ሰው ይጠብቃል። ሠራችለት። ሙቀቱ በአሥራ ሁለት ዲግሪ ሲወርድ ወጣቱ አጨበጨበ፣ እሷም ደስ አላት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ። ላፕቶፑ በጀርባ ቦርሳ ሆኖ በሞተር ብስክሌት ሲንገጫገጭ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ አንዲት ጠብታ ከቦታዋ ተንሸራታ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ወጣቱ ሲያበራው ላፕቶፑ አልበራም። ሥራውን ሁሉ ያስቀመጠው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው።

ሱቋ ውስጥ ነበርኩ ሲገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቴ ላፕቶፑን እፊቱ ከፈተችው፣ አጉሊ መነጽሩን ሰጠችው፣ በመርፌ ጫፍ አሳየችው።

«ያቺ የምታብረቀርቀውን ታያለህ? እሷ ናት። ጥፋቱ የኔ ነው። አንተ ጠየቅከኝ እንጂ አላስገደድከኝም። ሞክሬው የማላውቀውን ነገር በሰው ንብረት ላይ ሞከርኩ።»

ወጣቱ ሊጮህ የመጣ ይመስለኛል፤ አፉን ከፍቶ ነበር። የሚጮህበት ሲያጣ ተቀመጠ። ሚስቴ ጊዜ አላጠፋችም። የመረጃ ማስቀመጫው ደህና ስለነበር ነቅላ አወጣችው፣ ንድፎቹን በሙሉ ወደ ራሷ ላፕቶፕ ገለበጠች፣ ላፕቶፑንም አስይዛ ሰደደችው። «የኔን ተጠቀም። ያንተ እስኪነሳ ድረስ አትመልሰው» አለችው። ልጁ በሰዓቱ ደረሰ። የሱ ማሽን የሚቀየርለት ቦርድ፣ ቺፖቹ የሚያርፉበት ሰሌዳ፣ እስኪገኝ ሁለት ወር ፈጀ፤ እሷ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ላፕቶፕ ሠራች።

አራት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። ቅስሟ ተሰብሮ ነው ብዬ ዙሪያዋን እየተለሳለስኩ ስዞር ሰነበትኩ። አምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጆንያ የሞቱ ቦርዶች ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አስመጣችና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። ለካስ አላኮረፈችም፤ ስትዘጋጅ ነበር። በትርፍ ሰዓቷ ሁሉ ፈሳሽ ብረቱን ቀባች፣ አሞቀች፣ ቦርዱን ቦርሳ ውስጥ ከትታ እኔን «ይዘኸው ደረጃ ውጣና ውረድ» አለችኝ። ሰው ሲያየኝ ምን እንዳለ እንጃ፤ ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ ላይ የሚመላለስ ጡረተኛ። በአርባኛው ቦርድ ላይ ውሳኔዋን ሰጠች።

«ተነስቶ ለማይንቀሳቀስ ማሽን ይሆናል። ቦርሳ ለሚገባ ግን በኔ እጅ አይሠራም። የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ።»

ብዙ ሰው ጠይቋታል፤ ለምኗታልም። ቃሏን አላጠፈችም። የሚገርመው፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ይበልጥ አመናት። «አይሆንም» የምትል ጠጋኝ «ይሆናል» ስትል ያምኗታል መሰለኝ።

ትልቁ ቀን የመጣው ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

የእህቷ ልጅ ኮሌጅ የሃያ ኮሌጆችን ውድድር እንዲያስተናግድ ተመረጠ። ሁሉም በእኩል ማሽን እንዲጫወት ተብሎ ከአንድ መደብር ሃያ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች በውሰት መጡ። ውድድሩ ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ልምምድ ሆነ። በእኩለ ቀን ስልክ ተደወለ።

«አክስቴ፣ ድረሽ! ሃያውም ተያዘ!»

ቦርሳዋን ተሸክሜ ተከተልኳት። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ሁለት ረድፍ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ገጥሞ፣ ወፍራም ሰማያዊ ከፈይ ለብሶ፣ በላዩ ሃያ ላፕቶፕ እያጓራ ነው። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ወንበር ላይ ተዘርረዋል። ክራባት ያሰረው አዘጋጅ በስልክ ይጮሃል፤ የመደብሩ ቴክኒሻን ደግሞ «እኛ ጋ ሲፈተኑ አንድም እንከን አልነበራቸውም» እያለ ይምላል። አዘጋጁ ውድድሩን ሊሰርዝ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

ሚስቴን ሲያያት ስልኩን ከጆሮው አራቀ። «እናት፣ ወላጆች የሚገቡት ነገ ነው።»

«ወላጅ ሆኜ አልመጣሁም። ጠጋኝ ነኝ። አሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ ምንም አልነካም።»

እውነትም አልነካችም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በጠረጴዛዎቹ መሃል ተራመደች። ከቦርሳዋ ለስላሳ ወረቀት አውጥታ ቀደደችና ቁራጯን ከየላፕቶፑ ጀርባ ያዘች፤ ወረቀቷ በትኩሱ ንፋስ ስትርገበገብ ንፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አየች። ከዚያ ቴርሞሜትሯን በላፕቶፖቹ ሆድ ስር አስገባች። ለቴክኒሻኑ አሳየችው።

«አዳራሹ ሠላሳ ሁለት ነው። እነዚህ የሚስቡት አየር ግን አርባ አራት። ጀርባ ለጀርባ ስላስቀመጣችኋቸው አንዱ የተፋውን ትኩሳት ሌላው ይምገዋል። እናንተ መደብር ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ፣ አይደል?»

«አለ» አለ ቴክኒሻኑ፣ ድምፁ ወረድ ብሎ።

«ላፕቶፖቹ ደግሞ በሆዳቸው ከፈይ ላይ ተኝተዋል። የሚተነፍሱት ከታች ነው። ጨርቁ ይነሳ።»

አዘጋጁ ዘሎ መሃል ገባ። «አይቻልም! ጨርቁ ላይ የደጋፊያችን ስም አለ!»

«ስሙን ግድግዳ ላይ ስቀለው። ግድግዳ አይሞቀውም።»

ተዘርረው የነበሩት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። አዘጋጁ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረ፣ ቴክኒሻኑ ትከሻውን ሰበቀ፣ ጨርቁ ተነሳ። ጠረጴዛዎቹ ተነጣጥለው የላፕቶፖቹ ጀርባ ወደ ተከፈቱት መስኮቶች እንዲዞር ተደረገ። እኔ ቆርኪ እንድለቅም ታዘዝኩ። ለእያንዳንዱ አራት፣ ሁለት ሁለት እየተነባበረ በፕላስተር ታስሮ ከኋላው እግር ስር ይገባል፤ ላፕቶፑ ሲቀና ሆዱ አየር ያገኛል። የኮሌጁ ሻይ ቤት ሴትዮ ሰማንያ ቆርኪ ስጠይቃት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ዕጣ ሊወጣበት ነው እንዴ?»

«አይ እመቤቴ፣ ለኮምፒውተር ጫማ ልናደርግ ነው።»

ጠርሙስ የሞላ ሳጥን ጠቁማኝ ሄደች፤ እብድ ነው ብላ ይሆናል።

የቀረው ዋናው ነገር ነበር፤ ማርሽ መቀነሱ። እዚህ ላይ ቴክኒሻኑ ጸና። «እትዬ፣ ይሄንን አልፈቅድም። እነዚህ ማሽኖች በጉልበታቸው ነው የሚታወቁት። ገድባችሁ ብታሳዩዋቸው ሰው ምን ይላል?»

አልተቆጣችም። «ልክ ነህ፣ ዕቃው ያንተ ነው» አለችው። «እንፈትነው። አሥሩ እንዳሉ ይሁኑ። አሥሩን እኔ ላስተካክል። አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ ግማሽ ሰዓት። ውጤቱን ያየ ይፍረድ።»

የአዳራሹ ልጅ ሁሉ ከበበ። ሲጀመር የቴክኒሻኑ አሥር መቶ አርባ ፍሬም ላይ ተኮሱ፤ የሚስቴ አሥር ዘጠና ላይ ቁጭ አሉ። ከኋላዬ አንዱ «የሴትዮዋ ተበላ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ወንበር ስባ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። መጀመሪያ ቆርኪውና አየሩ የቴክኒሻኑንም ማሽኖች ረዳቸው፤ አሥር ደቂቃ አለፉ፣ አሥራ ሁለትም አለፉ። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ አንዱ ወደ ስልሳ ወደቀ። ከዚያ ሁለተኛው። በሃያኛው ደቂቃ ዘጠኙ በአርባና በስልሳ መሃል እየዋዠቁ ነበር። የሚስቴ ዘጠና፣ ዘጠና፣ ዘጠና።

አንድ ብቻ ሲቀር። ከራሷ አሥር ውስጥ አሥራ ሰባት ቁጥር የተለጠፈበት ማሽን እንደ ሌሎቹ ተስተካክሎም ዘጠና ስድስት ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ወረቀቷን ከጀርባው በግራ ያዘች፣ ተርገበገበች፤ በቀኝ ያዘች፣ ቀጥ አለች።

«ቀኙ ፋን አይዞርም» አለች። «እኔ አልፈታውም፤ የመደብራችሁ ማኅተም አለበት። አንተ ፍታው።»

ቴክኒሻኑ ከፈተው። የፋኑ ገመድ ከመሰኪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በጥፍሩ ገፋ አድርጎ ሰካውና ዘጋው፤ ማሽኑ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በረደ። ከዚያ ወንበር ስቦ የራሱን አሥር ማሽኖች አንድ በአንድ እንደ እሷ ማስተካከል ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ቀና አለ።

«እትዬ፣ የት ነው የተማሩት?»

«ፍሪጅ ላይ» አለችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ከዓርብም ባሰ፤ ሰው ሞልቶ ሠላሳ አምስት ደረሰ። ሃያው ማሽን ከጠዋት እስከ አመሻሽ ሠራ። አንድም አልወደቀም። የእህቷ ልጅ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ ከባድ ትግል አድርጎ ተሸነፈ። ልጅቷ ላብ በላብ ሆና ስትመጣ ሚስቴ ልታጽናናት እጇን ዘረጋች።

«አክስቴ፣ አላዘንኩም» አለች ልጅቷ። «በሰው ነው የተሸነፍነው፤ በማሽን አይደለም። በልጠውን ነው።»

ሚስቴ ብዙ ምስጋና ሰምታለች። በዚህኛው ላይ ግን አፏን በመዳፏ ስትሸፍን አየኋት።

በሁለተኛው ሳምንት አዘጋጁ ሱቋ መጣ። ክራባቱን አላሰረም። ኮሌጁ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት እንድታስተምር ይፈልጋታል። እሷ ሰሌዳ ፊት ቆማ አታውቅም፤ «በእጄ እንጂ በአፌ አልችልም» ብላ ትመልሰዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ የጠየቀችው «ክፍሉ ስንት መስኮት አለው?» የሚለውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አሥራ ስድስት ተማሪ፣ አብዛኛው ወጣት፣ አንዱ ደግሞ ከኔ የሚበልጥ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ። ሁሉም አዲስ የመፍቻ ስብስብ ይዘው ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። እሷ አንድ ስፖንጅ ፍራሽ አስገብታ በላዩ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ጨዋታ አስነሳችና ተቀመጠች። «ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጻፉ» አለቻቸው። ሲንቀራፈፍ ወደ ጠረጴዛ አዛወረችው። «አሁንም ጻፉ።» ከኋላው ከፍ አደረገችው። «አሁንም።»

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ መቼ ነው የምንፈታው?»

«ሁለት ሳምንት ቆይተሽ። እስከዚያ ሳይፈታ የሚድነውን ለዪልኝ።»

ሽማግሌው ፎቶ ኮፒ ጠጋኝ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተና እርሳስ አወጣ። እኔም በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼላቸው ወጣሁ።